የአልማዝ ቀለበት ስትገዙ ደረሰኙ ላይ የተጻፈውን እዩ

ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደብረ ማርቆስ የምሠራ ወርቅ ሠሪ ነኝ። ሙያውን የወረስኩት ከአባቴ ነው። ጋዜጣችሁን ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብዬ አነባለሁ። ማስታወቂያውንም አልዘልም። ሰሞኑን ዓይኔን የያዘው የሙሽራ ቀለበት ማስታወቂያ ነው። «እውነተኛ ዳይመንድ» ይላል አንዱ። «ኦሪጅናል አልማዝ፣ ለሙሽሮች በልዩ ቅናሽ» ይላል ሌላው። ክብደቱ ስንት ነው? ከመሬት የወጣ ነው ወይስ ላብራቶሪ ውስጥ የተሠራ? ማን መረመረው? አንዱም ላይ አልተጻፈም። ጥምቀት አልፎ ሰርጉ ሊደራ ነው። ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ይህ ደብዳቤ ቢደርስልኝ ብዬ ነው የምጽፍላችሁ።

እኔ አልማዝ አልሸጥም። ደንበኛ ድንጋዩን ከአዲስ አበባ ገዝቶ ወይም ዘመድ ከውጭ ልኮለት ይመጣል። እኔ ቀለበቱን ሠርቼ ፈርጡን አስገባለሁ። ስለዚህ የምናገረው ገበያ ለመሳብ አይደለም። አልማዝ አትግዙ ለማለትም አይደለም። አልማዝ እወዳለሁ። በደንብ የተቆረጠ ድንጋይ መስኮት አጠገብ ይዤ ሳገላብጠው አሁንም ደስ ይለኛል። የሚያንገበግበኝ ሰው የማያውቀውን ነገር፣ በማያውቀው ዋጋ፣ ያለ ምንም ማስረጃ ሲገዛ ማየት ነው።

እኛ ጎጃም ወርቅ ጌጥም ነው፣ ተቀማጭም ነው። ገበሬው ጤፉን ሸጦ፣ ባሕር ዛፉን አስቆርጦ ለልጁ ሃብል ሲገዛ ነገን እያሰበ ነው። ከብት ቢሞት፣ ሰው ቢታመም፣ ልጅ ትምህርት ቤት ቢገባ ያ ሃብል አለ። ይዞልኝ ሲመጣ እመዝነዋለሁ፣ ካራቱን እሞክራለሁ፣ የዕለቱን ዋጋ እነግረዋለሁ፣ አለቀ። የእጅ ዋጋው ይቀራል እንጂ ወርቁ ወርቅ ነው። አልማዝ እንዲህ አይደለም። የዕለት ዋጋ የሚባል ነገር የለውም። ሁለት እኩል የሚመዝኑ ድንጋዮች ዋጋቸው ሰማይና ምድር ሊሆን ይችላል። ደግሞ የገዛችሁትን አልማዝ መልሳችሁ ልሽጥ ብትሉ፣ ነጋዴው የሚሰጣችሁ ከከፈላችሁት በጣም ያነሰ ነው። ይህ እኛ አገር ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም፤ በዓለም ሁሉ እንዲሁ ነው።

ይህን ለሰው ሳስረዳ አንዳንዱ ይከፋዋል። አንድ የአነደድ ገበሬ ግን ገና ሳልጀምር ገባቸው። ለልጃቸው ሚስት ቀለበት ሊያሠሩ ከልጁ ጋር መጥተው ነበር። ልጁ ስለ ድንጋዩ ስፋትና ስለ ብልጭታው ብዙ አወራ። አባት ዱላቸውን ተደግፈው ሲያዳምጡ ቆዩና «እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው» አሉኝ። «ክፉ ቀን ቢመጣ ስንት ያወጣል?» «ወርቁ የወርቅ ዋጋ ያወጣል አባባ። ድንጋዩን ግን ለልጆቹ ደስታ ያወጡት ገንዘብ ነው ብለው ይቁጠሩት» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያስ ወርቁን ወፈር አድርግልኝ፣ ድንጋዩን አሳንሰው» አሉ። ከዚያ የተሻለ ምክር እኔም የለኝም።

ድሮ ጥሎሽ ሲቀርብ ሚዜው ልብሱን፣ ጫማውን፣ ወርቁን አንድ በአንድ ከፍ እያደረገ ለታዳሚው ያሳያል። ሰው የሚጠይቀው «ስንት ግራም ነው?» ብሎ ነበር። አሁን «ዳይመንድ አለው ወይ?» ተጨምሮበታል። ሙሽራው ከእኩዮቹ ላለማነስ ይሯሯጣል። የአልማዝ ቀለበት የጋብቻ ምልክት ነው የሚለው ወግ ከአባቶቻችን የመጣ አይደለም። ዲ ቢርስ የሚባለው የአልማዝ ኩባንያ «አልማዝ ዘላለማዊ ነው» የሚለውን ማስታወቂያ አሜሪካ ውስጥ ያወጣው በ1947 ዓ.ም. በፈረንጆች ነው። ወጉ እንዲህ የተስፋፋው በማስታወቂያ ኃይል ነው። የእኔ አባት ለሙሽሮች ጠገራ ብር እያቀለጠ የብር ቀለበትና መስቀል ይሠራ ነበር። በነዚያ ቀለበቶች የተጋቡ ሰዎች ዛሬ የልጅ ልጅ አይተዋል። አልማዝ መግዛት ያልቻለ ወጣት በዚህ ምክንያት አንገቱን ሊደፋ አይገባም።

የምትገዙ ከሆነ ግን አይታችሁ ግዙ።

በመጀመሪያ ካራት። ወርቅ ቤት ስትገቡ ሁለት ዓይነት ካራት ትሰማላችሁ። የወርቅ ካራት ንጽህና ነው። 24 ንጹሕ ነው፣ 21 እና 18 ደግሞ ሌላ ብረት የተቀላቀለበት። ቀለበቱ ውስጥ 750 የሚል ማኅተም ካያችሁ 18 ካራት ነው፣ 875 ከሆነ 21 ካራት ነው። የአልማዝ ካራት ግን ክብደት ነው። 1 ካራት 0.2 ግራም ነው፤ አምስት ካራት አንድ ግራም ይሞላል። አንዲት ልጅ «18 ካራት ዳይመንድ ነው» ተብላ ቀለበት ገዝታ መጣች። 18 ካራት አልማዝ ቢሆን ድንጋዩ ብቻውን 3.6 ግራም ይመዝን ነበር። የእሷ ድንጋይ የጤፍ ፍሬ እንጂ ሌላ አያክልም። 18 ካራት የሆነው ወርቁ ነው። ሻጩ ሁለቱን ሆን ብሎ አቀላቅሎባታል።

ብዙ ሰው መጠን ላይ ይጣበቃል። ክብ ሆኖ በደንብ የተቆረጠ 1 ካራት አልማዝ ወርዱ 6.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ግማሽ ካራቱ 5 ሚሊ ሜትር ትንሽ ያልፋል። ክብደቱ በግማሽ ሲቀንስ ከላይ የሚታየው ስፋት ግን በግማሽ አይቀንስም። ዋጋው ደግሞ በተቃራኒው ነው። አንድ ሙሉ ካራት ድንጋይ፣ ጥራታቸው እኩል ከሆነ፣ ከሁለት ግማሽ ካራት ድንጋዮች ድምር ይበልጣል። ዋጋ የሚዘለው እነዚህ ክብደቶች ላይ ሲደርስ ነው፤ ግማሽ፣ አንድ፣ አንድ ተኩል ካራት። ስለዚህ 0.45 ወይም 0.90 ካራት ብትጠይቁ በዓይን የማይለይ ድንጋይ በተሻለ ዋጋ ታገኛላችሁ። ነጋዴው ይህን አይነግራችሁም።

አልማዝን አልማዝ የሚያሰኘው አቆራረጡ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ነው። የተለመደው ክብ አልማዝ 57 ወይም 58 ጠፍጣፋ ገጾች አሉት። ብርሃን ከላይ ይገባል፣ የታችኞቹን ገጾች ይመታል፣ ተመልሶ በላይ በኩል ወደ ዓይናችሁ ይወጣል። ይህ የሚሆነው ማዕዘኖቹ በትክክል ሲለኩ ነው። ማርሴል ቶልኮውስኪ የሚባል ሰው የነዚህን ማዕዘኖች ስሌት በ1919 በፈረንጆች አሳትሟል፤ ቆራጮች እስከ ዛሬ ከእሱ ይነሣሉ። ድንጋዩ ከመጠን በላይ ጥልቅ ወይም ከመጠን በላይ ጠፍጣፋ ከሆነ ግን፣ የተነደለ እንስራ ውሃ እንደሚያፈስ፣ የገባው ብርሃን ከታች ይወጣል። መሐሉ ጠቁሮ ወይም ፈዝዞ ይታያል። ቆራጩ ለምን እንዲህ ያደርጋል? ከጥሬው ድንጋይ ብዙ ክብደት ማትረፍ ስለሚፈልግ ነው። ካራቱ ይጨምራል፣ ውበቱ ይጠፋል፣ እናንተ ለካራቱ ትከፍላላችሁ። ድንጋዩን የመረመረው ላብራቶሪ በሚሰጠው ሰርተፍኬት ላይ የአቆራረጥ ደረጃ ይጻፋል። ከላይኞቹ ሁለት ደረጃዎች፣ ኤክሰለንት እና ቬሪ ጉድ ከሚባሉት፣ አትውረዱ። ገንዘብ ከጎደላችሁ ከመጠኑ ቀንሱ እንጂ ከአቆራረጡ አትቀንሱ።

ደግሞ የሱቅ መብራት አይሸውዳችሁ። ወርቅ ቤት ጣሪያ ላይ የሚሰቀሉት ትንንሽ ብርቱ መብራቶች ማንኛውንም ድንጋይ፣ መስታወትን ጨምሮ፣ እንዲያብለጨልጭ የሚያደርጉ ናቸው። «ወደ በሩ ላውጣው» በሉ። ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው፣ ግን የቀን ብርሃን ያለበት ቦታ ቁሙ። ጥሩ አልማዝ ጥላ ውስጥም ሕይወት አለው። ሻጩ ከሱቅ ደጃፍ ላይ ልታዩት ሲከለክላችሁ ሌላ ቤት ሂዱ።

ቀለሙን በአጭሩ ልለፈው። ከዲ እስከ ዜድ በፊደል ይመደባል። ዲ ፍጹም ቀለም የለሽ ነው፤ ወደ ዜድ ሲሄድ ቢጫነት ይጨምራል። የእኛ ሰው የሚወደው ቢጫ ወርቅ ነው። በቢጫ ወርቅ ላይ ዲ አስገብቶ መክፈል ገንዘብ ማባከን ነው፤ የወርቁ ቀለም ድንጋዩ ላይ ይንጸባረቃል። ኤች፣ አይ፣ ጄ እንኳ ያምራሉ። ነጭ ወርቅ ከሆነ ትንሽ ከፍ በሉ።

ጥራት ማለት ውስጡ ያለው እንከን ነው። የሚታየው በ10 እጥፍ በሚያጎላ ሉፕ ነው። በባዶ ዓይን የማይታይ እንከን ማንንም አይጎዳም። ቪኤስ የሚባለው ደረጃ፣ ብዙ ጊዜ ኤስአይ1ም ቢሆን፣ ለቀለበት በቂ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ የእንከኑ ቦታ ነው። ስንጥቁ ድንጋዩ ጠርዝ ላይ ከሆነ፣ ድንጋዩን ቆንጥጦ የሚይዘውን የወርቅ ጥፍር ሳጠብቅበት ሊሰበር ይችላል። አዎ፣ አልማዝ ይሰበራል። ብዙ ሰው «እውነተኛ ከሆነ በመዶሻ አይሰበርም» ብሎ ያምናል። ይህን ፈተና በራሱ ድንጋይ ላይ እንዳይሞክር እለምናለሁ። አልማዝን የሚጭር ነገር ከራሱ ከአልማዝ በቀር እምብዛም የለም። ግን በአንድ ቦታ ቢመቱት ለሁለት ይሰነጠቃል።

አሁን ወደ ሆድ አብግን ነገሩ ልምጣ። አንድ ወጣት መምህር ከእናቱ ጋር መጣ። ቀለበቱ ስለጠበበ እንዳሰፋው ነው የመጡት። ከአንድ ከተማ ካለ ሱቅ፣ ስሙን አልጠራም፣ አንድ ካራት የተፈጥሮ አልማዝ ተብሎ ነው የገዛው። እናት የባሕር ዛፋቸውን ሽያጭ ጨምረውበታል። «እስቲ እየው ወንድሜ፣ ሰው ዓይን እንዳይበላው ብዬ በመሐረብ ነው የያዝኩት» አሉኝ። ልጁም በልበ ሙሉነት «በማሽን ተፈትኖልኛል፣ ጮኾልናል» አለ። እኔም ቴስተር አለኝ። ጫፉን ድንጋዩ ላይ አስጠጋሁት። እውነትም ጮኸ።

ከዚያ ሉፑን አነሣሁ። ድንጋዩን ከፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ አጋድሜ ተመለከትኩ። ከታች ያሉት የገጾቹ ጠርዞች አንድ አንድ መስመር መሆን ሲገባቸው ሁለት ሁለት ሆነው ታዩኝ። አዙሬ በሌላ በኩል አየሁ። እዚያም ሁለት ሁለት ነው። አልማዝ ውስጥ ብርሃን ለሁለት አይከፈልም። ሞይሳናይት ውስጥ ይከፈላል። ድንጋዩ ሞይሳናይት ነበር፤ ሲሊከንና ካርበን ተዋሕደው በሰው እጅ የሚሠራ ድንጋይ። ቴስተሩ የጮኸበት ምክንያት አለው። ያ ማሽን የሚለካው ሙቀት በድንጋዩ ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ ነው። ሞይሳናይት ሙቀትን የሚያስተላልፈው ወደ አልማዝ በተጠጋ ሁኔታ ነው። ሙቀት ብቻ የሚለካ ቴስተር ሁለቱን አይለይም። ሻጮች ይህን ያውቃሉ፤ ለዚህ ነው ማሽኑን በደንበኛ ፊት የሚያስጮሁት።

እናትየው እዚያው ቆመው ነበር። ልጁን ወደ ጎን ጠርቼ ነገርኩት። ፊቱ ተለወጠ። ደረሰኙን አምጣ አልኩት፣ አመጣው። የተጻፈው «የሴት ቀለበት ከነፈርጡ» ብቻ ነው። የወርቁ ግራም የለም፣ የድንጋዩ ስም የለም፣ ካራት የለም። ተመልሶ ሄዶ ሲጠይቅ ሻጩ «ዳይመንድ ብዬ የጻፍኩበትን አሳየኝ» አለው። ምን ይመልስ? ምንም የሚያሳየው ወረቀት አልነበረውም። ሞይሳናይት በራሱ መጥፎ ድንጋይ አይደለም። ጠንካራ ነው፣ ያምራል፣ ርካሽ ነው። በስሙና በዋጋው ቢሸጥ ኖሮ ልጁም እናቱም ደስ ብሏቸው ይገዙት ነበር። የተሠራባቸው ግፍ የስሙና የዋጋው ነው።

ሌሎቹ የመንደር ፈተናዎችም አያዋጡም። መስታወት መጫር? ገበያው ዚርኮን የሚለው ኪዩቢክ ዚርኮኒያም መስታወት ይጭራል፣ ሰንፔርም ይጭራል። ትንፋሽ እፍ ማለት? አልማዝ ላይ እንፋሎቱ ቶሎ ይጠፋል፤ እንዳልኩት ግን ሞይሳናይትም ሙቀት ያስተላልፋል። ጋዜጣ ላይ አስቀምጦ ፊደል ማንበብ? ቀለበት ውስጥ የገባ ድንጋይ ላይ አይሠራም፤ አቆራረጡ የተበላሸ እውነተኛ አልማዝም ፊደሉን ሊያሳይ ይችላል።

የላብራቶሪ አልማዝ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ የውሸት አልማዝ አይደለም። ካርበን ነው፣ ጥንካሬው ያው ነው፣ ብልጭታው ያው ነው። አሜሪካ ውስጥ ጄኔራል ኤሌክትሪክ የሚባለው ኩባንያ በ1954 በፈረንጆች በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት አልማዝ መሥራት ችሏል። ዛሬ በዚህ መንገድም፣ ጋዝ ውስጥ ካርበኑን በስስ በስሱ በማሳደግም በብዛት ይመረታል። በዓይን አይለይም፣ በእኔ ሉፕም አይለይም፣ በተራ ቴስተርም አይለይም። የሚለየው ልዩ መሣሪያ ያለው ላብራቶሪ ብቻ ነው። ዋጋው ግን ከተፈጥሮው በጣም ያንሳል፤ በየጊዜውም እየወረደ መጥቷል። ዲ ቢርስ ራሱ በ2018 በፈረንጆች ላይትቦክስ በሚል ስም የላብራቶሪ አልማዝ ካራቱን በ800 ዶላር መሸጥ ጀምሮ ነበር። በ2025 በፈረንጆች ሥራውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። አቅማቸው ውስን ለሆነ ወጣቶች የላብራቶሪ አልማዝ ጥሩ ምርጫ ነው እላለሁ። የተፈጥሮ ነው ተብሎ በተፈጥሮ ዋጋ ሲሸጥ ግን ሌብነት ነው። በዓይን ስለማይለይ መከላከያው አንድ ብቻ ነው፤ ወረቀት።

ወረቀት ስል ሱቁ ራሱ አትሞ የሚሰጠውን በወርቅ ቀለም የተጻፈ ካርድ ማለቴ አይደለም። ሻጭ ለራሱ ዕቃ ምስክር ሊሆን አይችልም። ድንጋይ የማይሸጥ፣ መመርመር ብቻ ሥራው የሆነ ላብራቶሪ የሰጠው መሆን አለበት። በዓለም የታወቁት ጂአይኤ፣ አይጂአይ እና ኤችአርዲ ናቸው። ጂአይኤ በ1931 በፈረንጆች አሜሪካ ውስጥ የተቋቋመ ነው፤ ከዲ እስከ ዜድ ያለውን የቀለም ደረጃም ያወጣው እሱ ነው። በነዚህ ወረቀቶች ላይ የድንጋዩ ክብደት እስከ መቶኛ ካራት፣ ወርዱና ጥልቀቱ በሚሊ ሜትር፣ ብዙ ጊዜም ቀለሙና ጥራቱ፣ የተፈጥሮ ወይም የላብራቶሪ መሆኑ ተጽፎ ይገኛል። የወረቀቱ ቁጥር አለ። ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ የላብራቶሪው ድረ ገጽ ገብታችሁ አስገቡት። የሚመጣላችሁ መረጃ ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት።

ግን ወረቀቱ እውነተኛ ሆኖ ድንጋዩ ሌላ ሊሆን ይችላል። ይህም ይደረጋል። ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ድንጋዩ ወገብ ላይ፣ የላይኛውና የታችኛው ክፍል በሚገናኙበት ስስ ጠርዝ ላይ፣ በሌዘር ተጽፎ ይገኛል። ከጸጉር የቀጠነ ጽሑፍ ነው። በሉፕ ይነበባል፣ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሻጩን «ቁጥሩን አሳየኝ» በሉት። የሚያኮራ ዕቃ ያለው ነጋዴ ደስ እያለው ያሳያል። ከተቻለ ደግሞ ድንጋዩን ቀለበት ውስጥ ሳይገባ እዩት፣ ሳይገባ አስመዝኑት። አንዴ ጥፍር ከያዘው ክብደቱ በግምት ነው፣ ጠርዙ ላይ ያለ ስንጥቅም ይሸፈናል።

ደም ያልፈሰሰበት ድንጋይ የሚፈልግም አለ፤ ትክክል ነው። በሴራሊዮን፣ በላይቤሪያና በአንጎላ ጦርነት አልማዝ መሣሪያ መግዣ ሆኖ ነበር። የኪምበርሊ ስምምነት የሚባለው አሠራር በ2003 በፈረንጆች ሥራ የጀመረው ለዚህ ነው። ነገር ግን የኪምበርሊ ወረቀት የሚሰጠው ላልተቆረጠ ድንጋይ ጭነት እንጂ ለአንድ ቀለበት አይደለም። «ኪምበርሊ አለው» የሚላችሁ ሻጭ የድንጋዩን አገር በጽሑፍ ይስጣችሁ።

የአገራችን ድንጋይ ይሁንልኝ ለምትሉም መንገድ አለ። የደላንታ ኦፓል አለ፣ የሻኪሶ ኤመራልድ አለ። ኦፓሉ ልብ ይሰርቃል። ነገር ግን ለስላሳ ነው፣ ውሃም ይመጥጣል፤ ሊጥ ለምታቦካ፣ ልብስ ለምታጥብ ሴት የየዕለት ቀለበት ላይ አላስገባውም። ለጉትቻና ለሃብል ግን ከእሱ የሚያምር የለም።

ስለ ወርቁም አንድ ልጨምር። ቀለበቱን ከነድንጋዩ መዝኖ ሁሉንም በወርቅ ግራም የሚያስከፍል ነጋዴ አለ። ትንሽ አልማዝ ከሆነ ልዩነቱ ኢምንት ነው፤ ግማሽ ካራት 0.1 ግራም ናት። ግን ትልልቅ ዚርኮን የተደረደረበት ቀለበት ሲሆን አንድ ግራምና ከዚያ በላይ ድንጋይ በወርቅ ዋጋ ትገዛላችሁ። ልትሸጡ ስትመጡ ድንጋዩ ወጥቶ ነው የሚመዘነው። አባቴ ሚዛኑን ሁልጊዜ ወደ ገዢው አዙሮ ያስቀምጥ ነበር። እኔም እንደዚያው ነው የማደርገው።

ከገዛችሁ በኋላ የያዘውን ጥፍር አትርሱ። ትናንሽ ድንጋዮችን አራት ጥፍር ይበቃቸዋል፤ ከፍ ላለ ድንጋይ ስድስት ይሻላል። ጥፍር ከልብስ ጋር እየተፋተገ ያልቃል፣ በጸጉርና በነጠላ ይጠለፋል። ጆሯችሁ ዘንድ አስጠግታችሁ ቀለበቱን በጣት መታ መታ አድርጉት። ትንሽ ድምፅ ካሰማ ድንጋዩ ላልቷልና ቶሎ ወደ ሠሪ ውሰዱት። አልማዝ ደግሞ ቅባት ይወዳል፤ ማዕድን አውጪዎች እንኳ ከጠጠሩ ለመለየት ቅባት የተቀባ ጠረጴዛ ይጠቀሙ ነበር። ቅቤ ሲያነጥሩ፣ ወጥ ሲሠሩ የሚደረግ ቀለበት ይፈዛል። ለብ ባለ ውሃና ሳሙና፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ በጀርባው በኩል ፈተግ ማድረግ ይበቃዋል። እናቶቻችን ቀለበቱ «ሞተ» ብለው ሲያመጡልኝ እንዲሁ አጥቤ ነው የምመልስላቸው።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ልመለስ። ከእናንተ የምጠይቀው ይህን ነው። የአልማዝ ማስታወቂያ ስትቀበሉ ሻጩ አራት ነገር እንዲጽፍ አስገድዱ፤ የተፈጥሮ ወይም የላብራቶሪ መሆኑን፣ ክብደቱን በካራት፣ የመረመረውን ላብራቶሪ ስም፣ የወርቁን ካራት። ይህን ለመጻፍ የማይፈልግ ሻጭ ገጻችሁ ላይ ቦታ አይኑረው። አንባቢ የሚያምነው ማስታወቂያው ጋዜጣ ላይ ስለወጣ ነው።

የንግድ ቢሮ ኃላፊዎችም ይህን ካነበቡ፣ ሚዛናችንን መጥታችሁ ትፈትሻላችሁ፤ ጥሩ ነው። ደረሰኛችንንም ፈትሹ። ድንጋይ ያለበት ጌጥ ሲሸጥ የወርቁ ግራምና ካራት ለብቻ፣ የድንጋዩ ስምና ክብደት ለብቻ፣ የሁለቱም ዋጋ ለየብቻ እንዲጻፍ እዘዙ። የሰርተፍኬት ቁጥር ካለ እሱም ይስፈር። ይህ ለሐቀኛ ነጋዴ አምስት ደቂቃ የማይወስድ ሥራ ነው። እኔ ራሴ ለሠራሁት ሁሉ እንዲህ ጽፌ ነው የምሰጠው። ያ መምህር እንዲህ ያለ ደረሰኝ በእጁ ቢኖር ኖሮ የእናቱን ገንዘብ የሚያስመልስበት መንገድ ነበረው።

ሰርግ ያላችሁ ቤተሰቦች ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት ድንጋዩን ወደምታምኑት ወርቅ ሠሪ ውሰዱት። ማርቆስ ለምትመጡ እኔ ያለ ክፍያ አይላችኋለሁ፤ በሉፕ የማይለይ ከሆነም አይለይም ብዬ በግልጽ እነግራችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ወርቅ ሠሪ
ከደብረ ማርቆስ